ብርድ የሚችለው ሙዝ፦ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግቢ ላላቸው ወገኖች ሙዝ ደጅ ላይ ተተክሎ ዊንተርን ያልፋል ስላቸው ቶሎ የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። ያልፋል። ተክሉ ሙሳ ባስጁ ይባላል። ችግኝ መሸጫዎች «የጃፓን ሙዝ» እያሉ ይሸጡታል፤ ጃፓን ውስጥ ለዘመናት ስለተተከለ ነው እንጂ የትውልድ አገሩ ደቡብ ቻይና ነው። ያሉትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

«ውርጭ ከነካው አለቀለት»

ብዙ ተክል በከንቱ የሚጣለው በዚህ እምነት ነው። ኖቬምበር አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ሲመታው ያ ትልቅ አረንጓዴ ቅጠል በአንድ ሌሊት ይጠቁራል፤ እንደተቀቀለ ጎመን ይልፈሰፈሳል። ባለቤቱ ጠዋት አይቶ «ሞተ» ይልና ነቅሎ ይጥለዋል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ተክሉ አልሞተም።

ግንድ የሚመስለውን ነገር አግድም ቁረጡትና ተመልከቱ። እንጨት የለውም። የቅጠል እግሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተጠቅልለው ነው የቆሙት፤ በየመካከላቸው ትናንሽ የአየር ክፍተት አለ፣ ሲጫኑት ውሃ ይወጣዋል። ውርጭ በቀላሉ የሚገድለውም ይህን ውሃ የሞላበትን ክፍል ነው። እውነተኛው ግንድ ከመሬት በታች ነው ያለው፤ እንሰት ላይ አምቾ የምንለው ዓይነት። እሱ በደንብ ከተሸፈነ ውጭው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ቢወርድ እንኳ ይተርፋል። መሬቱ ሲሞቅ ከሥር አዲስ ቡቃያ ይልካል፤ በጋው እስኪያልቅ ከሰው ቁመት ይበልጣል።

«በላስቲክ ከተጠቀለለ በቂ ነው»

አይደለም። ላስቲክ እርጥበት ያፍናል፣ የታፈነ ሙዝ ደግሞ ይበሰብሳል። ዊንተር ላይ ከብርዱ ባልተናነሰ የሚገድለው እርጥበት ነው።

ደህናው አሠራር እንዲህ ነው። ሳትቸኩሉ የመጀመሪያው ውርጭ ቅጠሉን እስኪያጠቁረው ጠብቁ። ከዚያ ቅጠሉን ቁረጡ፣ ግንዱን አንድ ሜትር ያህል አስቀሩ። ዙሪያውን የሽቦ መረብ አቁሙና በውስጡ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ሙሉበት። ከላይ ዝናብ የማያስገባ ክዳን ይደረግለት፤ ጎኑ ግን አየር ያግኝ። ሥሩ ላይ ደግሞ እስከ 30 ሳንቲሜትር የሚደርስ ጉዝጓዝ ቢለብስ ጥሩ ነው። ይሄ ሁሉ ሥራ ከበዛባችሁ ግንዱን ወደ መሬት አስጠግታችሁ ቁረጡትና ሥሩን ብቻ በወፍራሙ ሸፍኑ። የምታጡት ቁመት ነው፤ የተጠበቀ ግንድ በዓመቱ ከነበረበት ይቀጥላል፣ የተቆረጠው ግን ከመሬት ይጀምራል።

«ሙዝ ውሃ ይወዳል፣ ስለዚህ ውሃ የሚያቁር ቦታ ይስማማዋል»

ግማሹ እውነት ነው። በበጋ ውሃም ማዳበሪያም በብዛት ይፈልጋል። ነገር ግን በብርድ ወራት ውሃ የሚተኛበት መሬት ሥሩን ያበሰብሰዋል። ውሃ የሚያሳልፍ፣ ፀሐይ የሚያገኝ፣ ግድግዳ የተጠጋ ቦታ ምረጡለት። ማዳበሪያውን በጋው ሲያልቅ አቁሙ።

«ቅጠሉ ተሰነጣጠቀ፣ በሽታ ነው»

ነፋስ ነው። ምንም አይሆንም።

«ከጓሮዬ ሙዝ እበላለሁ»

አትበሉም፤ ሻጩ ምንም ቢላችሁ። የሙሳ ባስጁ ፍሬ ትንሽ ነው፣ ውስጡ በጥቁር ዘር የተሞላ ነው፣ የሚበላ ሥጋ የለውም ማለት ይቻላል። ሱቅ የምናውቀው ሙዝ ደግሞ ፍሬ ለመስጠት ብዙ ሞቃት ወራት ያለማቋረጥ ይፈልጋል፤ እዚህ ደጅ ላይ ያን አያገኝም።

ታዲያ ለምን ይተከላል? ለቅጠሉ! ድፎ ዳቦ ያለ ኮባ ምን ጣዕም አለው? አብዛኛው ሰው እዚህ የሚጠቀመው ከእስያ ሱቆች የሚገዛ በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ነው። ግቢ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ የተተከለ ሙሳ ባስጁ ከለመደ በኋላ በየዓመቱ ልጆች እያወጣ ይሰፋል፣ በበጋ ለድፎ የሚሆን ቅጠል አያሳጣም። ትኩሱን ቅጠል እሳት ላይ አለፍ አለፍ አድርጉት፤ ቀለሙ ይደምቃል፣ ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍ አይቀደድም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ለጌጥ የሚሸጥ ችግኝ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሊረጭበት ስለሚችል ገዝታችሁ ባመጣችሁበት ዓመት ቅጠሉን ለምግብ አትጠቀሙበት።

«እንሰት የደጋ ተክል ስለሆነ እሱም ይችለዋል»

ይህኛው የእኛው ሰው ስህተት ነው፤ የሚመጣው ከፍቅር ስለሆነም ይገባኛል። ቀይ ቅጠል ያለውን እንሰት እዚህ «የአቢሲኒያ ሙዝ» ብለው ለጌጥ ይሸጡታል። አገር ቤት እንሰት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚበቅል ብርድ የለመደ ይመስለናል። የደጋ ውርጭ ግን የሌሊት ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ይገፈዋል። እዚህ ቅዝቃዜው ቀንም ሳይለቅ ይሰነብታል፣ መሬቱም ይረጋል። እንሰት ያን አይችልም።

ደግሞም እንሰት እንደ ሙዝ በራሱ ልጅ አያወጣም። አገር ቤት ገበሬው ልቡን ቆርጦ አምቾውን ካልቀበረ በስተቀር ችግኝ አይገኝም። ስለዚህ ያ አንዱ ከሞተ ምትክ የለውም። ከውርጭ በፊት ቆፍራችሁ አውጡት፣ የውጭውን ቅጠል ቀንሱለት፣ ውሃው እስኪንጠፈጠፍ ዘቅዝቁት፤ ከዚያ ውርጭ በማይገባበት ጋራዥ ወይም ቤዝመንት በደረቁ አኑሩት። በሜይ ብርዱ ሲያበቃ መልሳችሁ ትተክሉታላችሁ።

«ሙሳ ባስጁው ኤፕሪል ላይ ሽፋኑ ሲነሳ በስብሶ ከተገኘ አበቃ»

የግንዱ ጫፍ ለስልሶ፣ ሽታ ኖሮት ማግኘት የተለመደ ነው። በስለት ከላይ ወደ ታች ትንሽ በትንሽ ቁረጡት። ቡናማውና የላሸቀው ክፍል አልቆ ነጭና ጠንካራ ነገር ሲመጣ አቁሙ። ልቡ ደህና ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመሃል የተጠቀለለ አረንጓዴ ቅጠል ብቅ ይላል። ባይወጣም እስከ ጁን አትንቀሉት፤ አንዳንዱ ከሥር ለመነሳት ያን ያህል ይቆያል።