ኩኪ በጋራ ኮምፒዩተር ላይ፦ አሠራሩና መቆጣጠሪያው

ኩኪ አንድ ድረ ገጽ በጎብኚው ብራውዘር (ድረ ገጽ በሚከፍተው ፕሮግራም) ላይ የሚያስቀምጠው አጭር ጽሑፍ ነው። የአንዱ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ኪሎባይት አይበልጥም፤ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም ስላልሆነም ብዙዎች እንደሚሰጉት ቫይረስ አይደለም። የሚታሰረው ግን ከሰውዬው ጋር ሳይሆን ከብራውዘሩ ጋር ነው። አንድ ኮምፒዩተር በቀን ብዙ ሰው በሚያስተናግድባቸው የጎንደር ኢንተርኔት ቤቶችና የተማሪዎች ኮምፒዩተር ክፍሎች ይህ ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው።

ኩኪን እ.ኤ.አ. በ1994 የፈጠረው በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። ብራውዘርና ሰርቨር (ድረ ገጹን የሚያቀርበው ኮምፒዩተር) የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ኤችቲቲፒ፣ እያንዳንዱን ጥያቄ እንደ አዲስ እንግዳ ስለሚቀበል፣ ገዢው የመረጠውን ዕቃ እስኪከፍል ድረስ የሚያስታውስበት መንገድ አልነበረም። ኩኪ ይህን ችግር የፈታው ቦርሳ አስቀምጦ በሚገባበት ሱቅ በር ላይ እንደሚሰጠው የቁጥር ካርድ ሆኖ ነው፦ ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ሲሆን ዕቃው የሚቀመጠው በጠባቂው ዘንድ ነው። ለጥምቀት ወደ ጎንደር ለመምጣት በኢንተርኔት ሆቴል የሚይዝ እንግዳ ቀኑን መርጦ ወደ ክፍያው ገጽ ሲሻገር፣ ብራውዘሩ ያንኑ ቁጥር መልሶ ስለሚያሳይ ምርጫው አይጠፋም። ወደ መለያ (አካውንት) ገብቶ መቆየትም የሚቻለው በዚሁ መንገድ ነው።

አንዳንዱ ኩኪ ብራውዘሩ ሲዘጋ እንዲጠፋ የታሰበ ሲሆን፣ ሌላው የማብቂያ ቀን ተቆርጦለት ይቆያል፤ የጉግል ብራውዘር ክሮም ለዚህ የፈቀደው ጣሪያ 400 ቀን ነው። ይሁንና ብራውዘሩ ሲከፈት የቀድሞ ገጾችን እንዲመልስ ከተስተካከለ የመጀመሪያውም ዓይነት ሊተርፍ ይችላል። መስኮቱን ዘግቶ መነሣት በቂ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አብዛኛው ክርክር የሚነሣው በሦስተኛ ወገን ኩኪ ላይ ነው። የሆቴሉ ገጽ የአንድ ማስታወቂያ ድርጅት ሥዕል ወይም ኮድ ካስገባ፣ ድርጅቱ የራሱን ኩኪ አስቀምጦ ያንኑ ብራውዘር በሌሎች ገጾችም ላይ ሊያውቀው ይችላል። ሳፋሪ የተባለው ብራውዘር እንዲህ ያሉትን ኩኪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ሙሉ በሙሉ አገደ፤ ሌላው ብራውዘር ፋየርፎክስም በ2022 የእያንዳንዱን ድረ ገጽ ኩኪ ለየብቻ አጥሮ ማስቀመጥ ጀመረ። ጉግል በ2020 ከክሮም አስወግዳቸዋለሁ ብሎ ነበር፤ ደጋግሞ ካራዘመ በኋላ ግን በ2024 ሐሳቡን ለወጠ።

ጎንደር ላይ ተቀምጦ የውጭ ድረ ገጽ የሚከፍት ሰው የሚያየው የፈቃድ ጥያቄ በዋናነት የመጣው ከአውሮፓ ኅብረት ሕጎች ነው። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ጥያቄው ሲመጣ «ሁሉንም ተቀበል» የሚለው ቁልፍ በደማቁ ተቀብቶ «አልቀበልም» የሚለው ሁለት ገጽ ወደ ውስጥ መደበቁ የተለመደ ነው፤ ይህን እንደ ነፃ ፈቃድ መቁጠር ይከብዳል።

መቆጣጠሪያው በብራውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ፣ ስለ ግላዊነትና ደኅንነት በሚናገረው ክፍል ይገኛል፤ በኮምፒዩተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ መጫን በቀጥታ ወደ ማጥፊያው ይወስዳል። እዚያ ኩኪንና የተከማቹ ሥዕሎችን ለይቶ መምረጥ ይቻላል፤ በራሱ ስልክ የሚጠቀም ሰው ሥዕሎቹን ባያጠፋ ይሻለዋል፣ እንደገና ሲወርዱ ፓኬጁን ይበላሉና። በኢንተርኔት ቤት የሚቀመጥ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው በኢንኮግኒቶ (በብራውዘሩ የግል መስኮት) ቢከፍት፣ የኢንኮግኒቶ መስኮቶቹ በሙሉ ሲዘጉ ኩኪዎቹ አብረው ይጠፋሉ፤ የሚጎበኛቸው ድረ ገጾችና የኔትወርኩ ባለቤት ግን እንዳያዩት አያደርግም።

ኩኪን ማጥፋትና ከመለያ መውጣትም አንድ አይደሉም። ማጥፋት ካርዱን መጣል ነው፤ በአግባቡ በተሠራ ድረ ገጽ ሎግ አውት ማለት ግን ቁጥሩን ከጠባቂው መዝገብ ማሰረዝ ነው። ሳይወጣ የተነሣ ሰው ብዙ የኢሜይልና የማኅበራዊ ሚዲያ አገልግሎቶች መለያው የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ስለሚያሳዩ፣ ቤቱ ገብቶ በስልኩ ያንን ኮምፒዩተር ከዝርዝሩ ማስወጣት ይችላል።