ቀዝቅዞ መጀመር ምንድን ነው? አንዳንድ ቡድን ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚነቃው ለምንድን ነው?

ዳኛው ፊሽካውን ይነፋል። ኳሱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከመሃል ተከላካዩ ወደ ቀኝ መስመር ተከላካዩ ይሄዳል። እሱ ኳሱን የሚቀበለው ፊቱን ወደ ራሱ ግብ አዙሮ ነው። ዞሮ ሜዳውን እስኪያይ ድረስ የተጋጣሚው የክንፍ አጥቂ አጠገቡ ደርሷል። ምርጫ ስለሌለው ለበረኛው ይመልሳል፤ በረኛው በረጅሙ ይጠልዛል፤ ተገጭቶ የወረደውን ኳስ ተጋጣሚው ይወስደዋል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ያው ነገር በግራ በኩል ይደገማል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ደጋፊው «ዛሬም ተኝተው ገቡ!» ብሎ ያማርራል።

ቀዝቅዞ መጀመር የምንለው ይህንን ነው፤ አንድ ቡድን በመጀመሪያዎቹ 15 ወይም 20 ደቂቃዎች ከራሱ የተለመደ ደረጃ በታች ሲጫወት፣ ይህም የአንድ ቀን አጋጣሚ ሳይሆን ልማድ ሲሆንበት ማለት ነው። «ከራሱ ደረጃ» የሚለው ይሰመርበት። ደካማ ቡድን ጠንካራውን ገጥሞ ገና ከመነሻው ቢጨነቅ ቀዝቅዞ ጀመረ አይባልም፤ አቅሙ ያው ነው። ኋላ ተሰብስቦ ተጋጣሚውን ለማድከም አቅዶ የገባ ቡድንም እንዲሁ፣ የታዘዘውን እየሠራ ነው።

ቀድሞ ግብ መቆጠሩም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ጣልያን ከአልባኒያ ጋር ባደረገችው ጨዋታ ፌዴሪኮ ዲማርኮ በራሱ ሜዳ ያገኘውን የእጅ ውርወራ ወደ ራሱ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ሲወረውር ኔዲም ባይራሚ ቀድሞ ደረሰና ኳሷን ከመረብ አገናኛት። ገና 23ኛው ሰከንድ ነበር፤ በውድድሩ ታሪክ ፈጣኗ ግብ ሆና ተመዘገበች። ጣልያን ግን በ11ኛው ደቂቃ በባስቶኒ አቻ ሆነች፣ በ16ኛው በባሬላ መራች፣ 2 ለ 1 አሸንፋም ወጣች። በዚያ ጨዋታ የተበላሸው አንድ ውርወራ ነው እንጂ አጀማመሩ አልነበረም።

ታዲያ በእርግጥ ቀዝቅዞ የሚጀምር ቡድን ምን ነካው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ስንፍናን ነው። «ፍላጎት የላቸውም» ይባላል። ይህ አባባል ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ተጫዋቹ ላይ የሚደርሰውን ስለማያይ ነው።

መጀመሪያ ሰውነቱን እንይ። የሞቀ ጡንቻ ፈጥኖ ይኮማተራል፣ የበለጠ ጉልበትም ያወጣል። የጡንቻ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀነሰ ቁጥር የእግር ጉልበት በግምት 3 በመቶ እንደሚወርድ የስፖርት ሳይንስ ሰዎች ይናገራሉ። ቡድኑ ሜዳ ላይ በደንብ ካሟሟቀ በኋላ ወደ መልበሻ ክፍል ይመለሳል፤ ማሊያ ይቀየራል፣ የአሰልጣኙ የመጨረሻ ቃል ይሰማል፣ በመተላለፊያው ውስጥ ተሰልፎ ይጠበቃል፣ መዝሙር ይዘመራል፣ እጅ ለእጅ ይጨባበጣል። በላብ የተገኘው ሙቀት በዚህ ሁሉ መሃል ቀስ እያለ ይወርዳል። በዕረፍት ሰዓትም ይኸው ነው፤ የጨዋታ ሕጉ ለዕረፍት የሚፈቅደው ቢበዛ 15 ደቂቃ ቢሆንም፣ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ተጫዋች ያ ጊዜ የጡንቻውን ሙቀት በ2 ዲግሪ ገደማ ለማውረድ በቂ ነው። ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር ተጫዋቾች እግራቸው የከበደ የሚመስለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኦክስጅንም አለ። ከቆመበት ተነስቶ በኃይል የሚሮጥ ሰው ልቡና ሳንባው ሥራውን እስኪላመዱት ሁለት ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። በዚያ መሃል ጡንቻው የሚሠራው ካጠራቀመው ስንቅ እየቆረሰ ነው። በሚገባ ያሟሟቀ ተጫዋች ይህን ጊዜ ያሳጥረዋል።

ነገር ግን ሁለቱም ቡድኖች እኮ በአንድ ሰዓት አሟሙቀው፣ በአንድ መተላለፊያ ቆመው፣ በአንድ ፊሽካ ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ አንደኛው ብቻ ሁልጊዜ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ሰውነት የነገሩ ግማሽ ነው። ቀሪው ያለው ዕቅድ ላይ ነው፤ እኔም ከሁሉ በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው።

ተጋጣሚው ሳምንቱን ሙሉ ስለ እናንተ ያጠናውን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው ሜዳ ላይ የሚያወርደው። እናንተ ሦስት ተከላካይ ይዞ ይገባል ስትሉ በአራት ይገባል፤ በቀኝ ይጫወታል ያላችሁት ሰው ግራ ላይ ቆሟል። ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ ማስተካከል ነው ጊዜ የሚፈጀው። ማን ወደ ፊት ይውጣ፣ ማን ይቅር የሚለው በጩኸት መሃል በእጅ ምልክት ይወሰናል። መፍትሔውን ራሳቸው ሜዳ ላይ የሚያገኙ ተጫዋቾች ያሉት ቡድን በአምስት ደቂቃ ይላመዳል። ሁሉን ነገር ከአሰልጣኙ የሚጠብቅ ቡድን ግን እስከ ዕረፍት ይንገዳገዳል፤ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ ሌላ ቡድን መስሎ ይመለሳል። «ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሁልጊዜ ጎበዝ ነን» የሚል ደጋፊ ካጋጠማችሁ፣ ብዙ ጊዜ ሳያውቀው የሚናገረው ስለዚህ ነው።

የ2022ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አስታውሱ። አርጀንቲና አንሄል ዲ ማሪያን በግራ መስመር አሰለፈች፤ ፈረንሳይ በዚያ በኩል ተከፈተች። ዴምቤሌ ዲ ማሪያን ጥሎ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፣ ሜሲ በ23ኛው ደቂቃ አስቆጠረ፤ በ36ኛው ዲ ማሪያ ራሱ ሁለተኛውን ጨመረ። የወቅቱ የፈረንሳይ አሰልጣኝ ዲዲዬ ዴሻምፕ ዕረፍትን እንኳ ሳይጠብቅ በ41ኛው ደቂቃ ዴምቤሌንና ዢሩን አስወጣ። በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተሰለፈ ተጫዋች ፍላጎት አጥቶ ነው የሚል ሰው ይኖራል? ፈረንሳይ ላልጠበቀችው ጥያቄ መልስ እየፈለገች ነበር። ምባፔ ፈረንሳይን 2 ለ 2 ያደረጉትን ሁለት ግቦች ያስቆጠረው በ80ኛውና በ81ኛው ደቂቃ ነው።

ፍርሃትም የራሱ ድርሻ አለው። ባለፉት ሦስት ጨዋታዎች ቀድሞ ግብ የተቆጠረበት ቡድን አራተኛው ላይ «እንዳይደገም» እያለ ይገባል። መስመር ተከላካዩ አይወጣም፣ አማካዩ ወደ ፊት ማቀበል ሲችል ወደ ጎን ያቀብላል። ስሙ ራሱ በሽታ ይሆናል፤ «ዘግይቶ የሚነቃው ቡድን» የተባለ ቡድን ያንን ስም እንዳያረጋግጥ ሲጠነቀቅ ያረጋግጠዋል።

አሁን ሳይስተዋል ወደሚያልፈው ነጥብ ልምጣ። ቡድናችን ግብ ሲቆጠርበት ይነቃል እንላለን፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለንም እንተርታለን። ግን ከግቡ በኋላ የተለወጠው ሁልጊዜ የእኛ ቡድን ነው? የሚመራ ቡድን ያለውን ለመጠበቅ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ኳሱን ይለቃል። የተመራው ቡድን ምንም ሳይለውጥ በድንገት ቦታም ኳስም ያገኛል። ከመቀመጫ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህ መንቃት ይመስላል።

በ1974ቱ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሆላንድ ኳሱን ከመሃል ጀምራ፣ የምዕራብ ጀርመን ተጫዋቾች አንዴም ሳይነኩት ፍጹም ቅጣት ምት አገኘችና በሁለተኛው ደቂቃ ኔስኬንስ አስቆጠረ። ሁለተኛ ግብ ግን አላገባችም፤ ብራይትነርና ገርድ ሙለር ገና ከዕረፍት በፊት ውጤቱን ገለበጡት፣ ዋንጫው ጀርመን ቀረ። በአውሮፓ ዋንጫው ዩሮ 2020 ፍጻሜም ሉክ ሾው በሁለተኛው ደቂቃ ለእንግሊዝ አስቆጠረ፤ እንግሊዝ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተሳበች፣ ጣልያን ኳሱን ወሰደች፣ ቦኑቺ በ67ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፣ በመለያ ምት ጣልያን አሸነፈች። ጣልያን «ነቃች» ማለት ይቻላል። እንግሊዝ በሩን ከፈተችላት ማለትም ይቻላል፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚህ የተነሳ አንድ አደገኛ ነገር ይመጣል፤ እየተመሩ ተነስቶ ማሸነፍ በሽታውን ይሸፍነዋል። ማንቸስተር ዩናይትድ በ2020/21 ከሜዳው ውጪ በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ጨረሰ። ውጤቱን ብቻ ላየ ሰው ታላቅ ገድል ነው። ግን ሳውዝሃምፕተን ላይ ዕረፍት የወጡት 2 ለ 0 ተመርተው ነበር፣ ካቫኒ ተቀይሮ ገብቶ ባስቆጠራቸው ሁለት ግቦች 3 ለ 2 አሸነፉ፤ ሼፊልድ ላይ በአምስተኛው ደቂቃ ተቆጥሮባቸው 3 ለ 2፣ ዌስትሃም ላይ ተመርተው 3 ለ 1 አሸነፉ። ሦስቱም በሦስት ሳምንት ውስጥ የሆኑ ናቸው። ነጥቡ እየመጣ ሳለ የአጀማመሩን ነገር አንስቶ መጣላት ለማንም አሰልጣኝ ከባድ ነው።

ስለዚህ የራሳችሁን ቡድን መመርመር ከፈለጋችሁ ግቦቹን ለጊዜው እርሷቸው። ውጤቱ 0 ለ 0 በሆነበት ጊዜ ብቻ ያለውን ተመልከቱ፤ ማን በማን ሜዳ ቆየ፣ የወደቀውን ኳስ ማን አነሳ፣ ተጋጣሚ ስንት ጊዜ ማንም ሳይጫነው ኳስ አቀባበለ። ይህን በሦስት ጨዋታ ሳይሆን በአሥር በአሥራ አምስት ጨዋታ አድርጉት፤ ሦስት ጨዋታ የዕድል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እኔ በወረቀት ላይ መስመር እያሰመርኩ እንዲህ ማየት ከጀመርኩ ወዲህ «ቀዝቃዛ» ያልኳቸው አንዳንድ ቡድኖች ቀዝቃዛ እንዳልሆኑ፣ ጎበዝ ያልኳቸው ደግሞ ተጋጣሚ ስለሸሸላቸው ብቻ ጎበዝ መስለው እንደነበር ደርሼበታለሁ።

መፍትሔው የተወሳሰበ አይደለም። ከመልበሻ ክፍል ከመውጣት በፊት ጥቂት አጫጭር ሩጫና ዝላይ ይጨመራል፤ በዕረፍትም ተጫዋቾች ከፊሽካው ጥቂት ደቂቃ ቀደም ብለው ወጥተው ሰውነታቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከዚያ በላይ የሚሠራው ግን የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች እንደ ማዕዘን ምት አስቀድሞ መለማመድ ነው። በ2024/25 የውድድር ዘመን በሉዊስ ኤንሪኬ የሚመራው ፓሪስ ሴንት ዠርመን ጨዋታ ሲያስጀምር ኳሱን ሆን ብሎ በረጅሙ በተጋጣሚው ጥግ አካባቢ ወደ ውጪ ሲመታ ታይቷል። መጀመሪያ ሲያዩት ስህተት ይመስላል። ተጋጣሚ ግን ውርወራውን የሚወረውረው ከራሱ ግብ አጠገብ ነው፤ ወርዋሪው ከመስመሩ ውጪ ስለሚቆም ሜዳው ውስጥ በአንድ ሰው ያንሳሉ፣ ሁሉም ተይዘዋል። የፓሪስ ተጫዋቾች የት እንደሚቆሙ ፊሽካው ሳይነፋ ያውቁታል፤ ወርዋሪው ግን ኳሱን በእጁ ይዞ ለማን እንደሚሰጥ ገና እየፈለገ ነው።