አስቀድሞ የራሱን ጎተራ የከፈተ አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ቅዳሴ ባስልዮስ ሲቀደስ ስሙን እንሰማለን፤ ከምን ዓይነት ቤት እንደ ወጣ ግን እምብዛም አናስብም። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ330 እ.ኤ.አ. ገደማ ከባለጸጋ ክርስቲያኖች ተወለደ። የእናቱ የኤሚልያ ርስት በሦስት አውራጃ ስለተበተነ ለሦስት አገረ ገዥዎች ትገብር ነበር። ልጇ እስከ አቴና ሄዶ ተምሮ በንግግር ችሎታው እየታበየ ተመለሰ። ያን ትዕቢት ሰብራ ወደ ምናኔ የመራችው እኅቱ ማቅሪና ናት። "ፍጹም ልትሆን ብትወድ፥ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድሆች ስጥ" (ማቴ. 19፥21) የሚለውንም ቃል ለራሱ እንደ ተነገረ አድርጎ ተቀበለው።

በ369 ገደማ ቂሣርያ በምትገኝበት በቀጰዶቅያ (በዛሬዋ ቱርክ) ዝናብ ጠፋ። ቂሣርያ ከባሕር ሩቅ ናትና እህል በመርከብ አይደርስላትም። ያላቸው ደግሞ ዋጋው እስኪወደድ ጎተራቸውን ዘጉ። ባስልዮስ ያን ጊዜ ገና ቄስ ነበር። ከአባቶቹ የወረሰውን ለድሆች አዋለ፤ ባለጸጎቹንም፣ "የምትደብቁት እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ ነው" እያለ ገሠጻቸው።

እኔን ከሁሉ የሚነካኝ ይህ ቅደም ተከተል ነው። የሌላውን ጎተራ ከማንኳኳቱ በፊት የራሱን ባዶ አድርጓል። እኛ "ባለሀብቶች ለምን አይሰጡም?" ማለት ይቀናናል፤ እርሱ ግን ይህን የተናገረው ሰጥቶ ነው። ገንዘብ ልኮም አልቀረም። የተራቡትን ሰብስቦ፣ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ፣ የጥራጥሬ ሾርባና በጨው የቆየ ሥጋ አቀረበላቸው፤ እግራቸውንም አጠበ። የአይሁድን ልጆች ከክርስቲያኑ ልጆች አልለየም።

በ370 ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ ከከተማው ውጭ ሕሙማን የሚታከሙበትን፣ እንግዶች የሚያርፉበትን ትልቅ ስፍራ ሠራ። ሰው የሚሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን እንደ ወንድም ያቅፍ ነበር።

የወልድን አምላክነት የሚክደው አርዮሳዊው የሮም ንጉሥ ዋሌንስ እምነቱን ሊያስለውጠው ሹሙን ሞዴስጦስን ላከበት። ሹሙ ንብረትህን እወርሳለሁ ብሎ ሲያስፈራራው፣ ባስልዮስ ከዚህ ካረጀ ልብስና ከጥቂት መጻሕፍት በቀር የሚወረስ የለኝም አለው። ምን ይውሰድበት? ሁሉ አስቀድሞ ለድሆች ሄዷል። እምነቱን አላስለወጡትም፤ ያው ንጉሥ ኋላ ባስልዮስ ለሚረዳቸው ሕሙማን መሬት ሰጠ።