ኤክስ-ዜሮ ምንድን ነው?

ወንድን ወንድ የሚያደርገው ዋይ ክሮሞዞም እንደሆነ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረናል። ለሰው እውነት ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰብላችንን ያወደመው የበረሃ አንበጣ ግን ዋይ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ሴቷ ሁለት ኤክስ አላት፤ ወንዱ አንድ ብቻ። ስለዚህ የሴቷ ህዋስ 24 ክሮሞዞም ሲይዝ የወንዱ 23 ይይዛል። ይህ ነው ኤክስ-ዜሮ የሚባለው። ዜሮው የጎደለው ክሮሞዞም ቦታ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የወንዱ ዘር ሲሠራ የሚሆነው ነው። ሚዮሲስ በሚባለው ክፍፍል ክሮሞዞሞች መጀመሪያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጣመዳሉ። ከዚያ ተላቀው አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ይሄዳል። ታዲያ የሚጣመደው የሌለው ኤክስ ምን ይሁን?

ከወንድ አንበጣ የዘር ፍሬ ትንሽ ቆርጦ፣ ቀለም አስነክቶ፣ በሁለት መስታወት መሃል ጨፍልቆ በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው ኤክስን ለመለየት አይቸገርም። ሌሎቹ ገና ቀጫጭን ክር ሆነው ሳለ እሱ ቀድሞ ተጠቅልሏል። ጠቆር ብሎ ኒውክለሱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሏል። 11ዱ ጥንዶች መሃል ላይ ሲሰለፉም እሱ ብዙ ጊዜ ወደ አንደኛው ጫፍ ተጠግቶ ነው የሚታየው። በመጀመሪያው ክፍፍል ሳይሰነጠቅ እንዳለ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። አንዷ ህዋስ 12 ክሮሞዞም ይደርሳታል፣ ሌላዋ 11።

በሁለተኛው ክፍፍል እንደሌሎቹ ለሁለት ይሰነጠቃል። በመጨረሻ ከአራት የዘር ህዋሶች ሁለቱ ኤክስ አላቸው፣ ሁለቱ የላቸውም። እንቁላሎቹ ሁሉ ኤክስ ስላላቸው፣ ኤክስ የያዘው የወንድ ዘር ከደረሰ ሴት ትወለዳለች፤ ያልያዘው ከደረሰ ወንድ።

ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቷል። ጀርመናዊው ሄርማን ሄንኪንግ እ.ኤ.አ. በ1891 በአንድ ትኋን መሰል ነፍሳት ላይ ግማሾቹ የወንድ ዘሮች 11፣ ግማሾቹ 12 ሲይዙ አየ። ምንነቱ ስላልገባው ኤክስ ብሎ ምልክት አደረገበት። አሜሪካዊው ክላረንስ ማክላንግ በ1902 ነገሩ ከፆታ ጋር እንደሚያያዝ ጻፈ፤ ግን ተጨማሪው ክሮሞዞም ያለው ወንዱ ነው ብሎ ገለበጠው። በ1905 ኔቲ ስቲቨንስ የዱቄት ጥንዚዛን ወንድና ሴት በጥንቃቄ ቆጥራ አቅጣጫውን አስተካከለችው። ለእኔ ከሦስቱም የእሷ ሥራ ይበልጣል፤ ሁለቱንም ፆታ ጎን ለጎን አነጻጽራለችና።

የአንበጣው ኤክስ ብቻውን መሆኑ ክፍፍሉን አያቆመውም። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ማንቲስ በሚባለው፣ የፊት እግሮቹን አጥፎ በሚያደባው ነፍሳት ወንዱ ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ አለው፤ ሦስቱም አብረው መጣመድ አለባቸው። አንዱ ኤክስ ሳይጣመድ ከቀረ ህዋሱ መከፋፈሉን ያቆማል፣ ከሰዓታት በኋላም ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1995 ሊ እና ኒክላስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይጣመድ የቀረውን የማንቲስ ኤክስ በቀጭን የመስታወት መርፌ ይዘው ጎተት አደረጉት፤ ልክ የተጣመደ ጓደኛ ከወዲያ በኩል እንደሚስበው ማለት ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላ ቆሞ የነበረው ህዋስ መከፋፈሉን ቀጠለ።