በጡረታ ዕድሜ ቤተ ክርስቲያን መትከል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ባሉ የሐበሻ ወንጌላውያን ዘንድ ደጋግሞ የሚታይ ነገር ነው። ስልሳን የተሻገረ፣ ልጆቹን ያስመረቀ ሰው ሳሎኑ ውስጥ የጀመረውን የጸሎት ህብረት ቤተ ክርስቲያን ላድርገው ይላል። ወዲያው ምክር ይዘንብበታል። ከምክሩ ብዙው ስህተት ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ የወጣት ሥራ ነው። እርስዎ ይጸልዩልን»

አባባሉ ከሜዳ አልመጣም። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንን የጀመሩት ባብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። ግን የሜቶዲስት ንቅናቄን የጀመረው እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊም አለ። በ1784 (እ.ኤ.አ.) ለአሜሪካ ሜቶዲስቶች አገልጋዮችን በእጁ ሲሾም 81 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ባልቲሞር ውስጥ በተደረገ ጉባኤ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ተመሠረተ። ዌስሊ ለዚያ ጉባኤ ውቅያኖስ አላቋረጠም። ሥራውን የተረከቡት ቶማስ ኮክ እና የ39 ዓመቱ ፍራንሲስ አስበሪ ናቸው። አስበሪ ቀሪ ዕድሜውን በፈረስ ሲዞር ኖረ። እንግዲህ ዕድሜ አይከለክልም። ብቻ የሚረከበው ሰው ገና ከመጀመሪያው አብሮ ይቁም። ሰባ ዓመት ሲሞላ እንፈልገዋለን የሚል መሥራች አያገኘውም።

«አይ አር ኤስ ካልፈቀደ መሰብሰብ አይቻልም»

ይቻላል። አይ አር ኤስ የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ነው፤ መስፈርቱን የሚያሟላ ቤተ ክርስቲያን ሳያመለክትለትም ከፌዴራል የገቢ ግብር ነፃ ነው። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ግን የግብር መለያ ቁጥር ያስፈልጋል። በስቴቱ መመዝገብም ይበጃል። ከግብር ነፃ መሆኑን የሚያረጋግጠው የአይ አር ኤስ ደብዳቤ የግድ የሚሆነው ለምሳሌ ከአገር ቤት አገልጋይ በአር-1 ቪዛ (ለሃይማኖት አገልጋዮች የሚሰጥ የሥራ ቪዛ) ለማምጣት ሲታሰብ ነው። ያኔ የራስ ደብዳቤ፣ ወይም የታቀፉበት ማኅበር ደብዳቤ ይጠየቃል።

«ኦርቶዶክስም ያው ነው፤ ሰው ከተሰበሰበ ይበቃል»

አይበቃም። ምእመናን ማኅበር መሥርተው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ ሕንፃ ሊገዙ ይችላሉ። ያለ ጳጳስ ቡራኬና ያለ ታቦት ግን ቅዳሴ የለም።

«ጡረታ ስላለኝ ገንዘብ አያሳስበኝም»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከ1960 ወዲህ (እ.ኤ.አ.) ለተወለደ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ) ሙሉ የጡረታ ዕድሜ 67 ነው። ከዚያ በፊት ጡረታ እየተቀበሉ የፓስተር ደመወዝ ከተወሰነ መጠን በላይ ካገኙ፣ ከጡረታው ይያዛል። የመኖሪያ ቤት አበል ከገቢ ግብር ነፃ እንዲሆን ቤተ ክርስቲያኑ አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ መወሰን አለበት። ያም ሆኖ ከሶሻል ሴኩሪቲ ግብር አያመልጥም።

«እሺ፣ ያለ ደመወዝ አገለግላለሁ» የሚሉ አሉ። ልባቸው ይባረክ። ግን ምእመኑ ለዓመታት ፓስተር በነፃ ይኖራል ብሎ ይለምዳል። ተተኪው ሦስት ልጆችና የቤት ዕዳ ይዞ ሲመጣ የሚከፈለው የለም። ስለዚህ መሥራቹ ደመወዝ ባይወስድም በጀቱ ላይ የደመወዝ መስመር ይኑር፤ ብሩ ለወደፊቱ አገልጋይ ይጠራቀም።

«አካውንቱ በስሜ ቢሆን ምን አለበት? ሁሉም ያምነኛል»

ማመኑ አይደለም ችግሩ። በግል ስም ያለ ብርና ቤት፣ ባለቤቱ ሲያልፍ ወደ ወራሾች ነው የሚሄደው። ጠቡ መሥራቹ ከተቀበረ በኋላ ይነሣል፤ እርሱ የለም፣ ማስረዳት አይችልም። ሒሳቡ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ይከፈት፤ ፈራሚዎቹም ዘመዳሞች አይሁኑ።

«ልጆቹ ሲያድጉ አማርኛውን ይለምዱታል»

አይለምዱትም። ስብከቱ አልፏቸው ስልካቸውን ሲነካኩ ያድጋሉ፤ ኮሌጅ ሲገቡ ወደ አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ ወይም ይቀራሉ። እንግሊዝኛ ክፍሉ ምድር ቤት የሚዋል የሕፃናት ማቆያ መሆኑ ይቅር። የራሱ ሰባኪ፣ የራሱ በጀት፣ በሽማግሌዎች ስብሰባ ላይም ድምፅ ይኑረው። ያ ተተኪ አማርኛው ሰባራ የሆነ የሠላሳ ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ከአሁኑ መድረክ ላይ ማውጣት የመሥራቹ ሥራ ነው።