የፍልስጤም ምርጫና የሰላሙ ጉዳይ

ፍልስጤማውያን ፕሬዚዳንት የመረጡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1996 እና በ2005። የሕግ አውጪ ምክር ቤትም እንዲሁ ሁለት ጊዜ፤ በ1996 እና በ2006። ከዚያ ወዲህ ምክር ቤትም ፕሬዚዳንትም የሚመረጥበት ድምፅ አልተሰጠም። (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህን ምርጫዎች ለየት የሚያደርጋቸው ከጠላት ጋር በተደረገ ድርድር የተወለዱ መሆናቸው ነው። በመስከረም 1993 እስራኤልና የፍልስጤም ነፃ አውጪ ድርጅት የፈረሙት የኦስሎ ስምምነት፣ በዌስት ባንክና በጋዛ የሚኖሩ ፍልስጤማውያን መሪዎቻቸውን በነፃ ምርጫ እንዲመርጡ ያዝዛል። ከጀርባው ያለው ስሌት ግልጽ ነው። ድርድሩ ወደ ድንበር፣ ወደ ስደተኞችና ወደ ኢየሩሳሌም ሲደርስ የሚያም ነገር መፈረም አይቀርም። ሕዝብ ያልመረጠው ሰው ቢፈርመው ማን ይቀበለዋል?

እስራኤል ምርጫን ከኦስሎ በፊትም ሞክራዋለች። በ1976፣ ዌስት ባንክ በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ሳለ፣ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ እንዲካሄድ ፈቀደች። ሴቶችም ለመጀመሪያ ጊዜ መረጡ። ለዘብተኛ ከንቲባዎች ይመጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ የነፃ አውጪ ድርጅቱ ደጋፊዎች አሸነፉ። በ1980 የናብሉሱ ከንቲባ ባሳም ሻካና የራማላው ከሪም ኸለፍ በአይሁድ አክራሪዎች ቦምብ ቆሰሉ። ሻካ ሁለት እግሮቹን አጣ። በ1982 ደግሞ እስራኤል ሁለቱንም ከሥልጣን አነሳቻቸው። ያልተጠበቀ ሰው ሲመረጥ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ያን ጊዜም ነበረ።

የጥር 1996ቱ ምርጫ የተካሄደው የእስራኤል ጦር ከኬብሮን በቀር ከዋና ዋና የዌስት ባንክ ከተሞች ለቅቆ በወጣ ማግስት ነው። የነፃ አውጪ ድርጅቱ መሪ ያሲር አራፋት 88 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ተፎካካሪያቸው አንዲት ሴት ነበሩ፤ በበጎ አድራጎት ሥራቸው የታወቁት ሳሚሃ ኸሊል። የአራፋት ፓርቲ ፋታህ 88 መቀመጫ ካለው ምክር ቤት ትልቁን ድርሻ ወሰደ። እስራኤልን የማይቀበለው እስላማዊ ንቅናቄ ሐማስ ግን ምርጫው የኦስሎ ልጅ ነው ብሎ አልገባበትም። በየካቲትና በመጋቢት አጥፍቶ ጠፊዎቹ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ ውስጥ በርካታ እስራኤላውያንን ገደሉ። ግንቦት ላይ እስራኤላውያን በተራቸው መረጡ፤ ኦስሎን ሲቃወሙ የነበሩት ቤንያሚን ኔታንያሁ አሸነፉ። ስለ ሰላም ከተነሳ ሁለት ኮሮጆ እንዳለ መርሳት አይገባም። በዚያ ዓመት የራማላው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የቴል አቪቩ ወደ ሌላ ሄደ።

ከሁሉም አስቸጋሪው የምስራቅ ኢየሩሳሌም ነገር ነው። እስራኤል ከተማዋን በሙሉ ዋና ከተማዬ ናት ትላለች፤ ስለዚህ የሌላ መንግሥት ምርጫ እዚያ እንዲካሄድ አትፈልግም። ፍልስጤማውያን ደግሞ ያለ ኢየሩሳሌም ምርጫ የለም ባይ ናቸው። ኦስሎን በተከተለው የ1995ቱ ስምምነት የተገኘው መላ ፖስታ ቤት ነው። መራጩ የእስራኤል ፖስታ ቤት ይሄዳል፣ ድምፁን ፖስታ ውስጥ አድርጎ ያስገባል፣ ፖስታው ለፍልስጤም ምርጫ ኮሚሽን ይላካል። እስራኤል «ደብዳቤ ነው የላኩት» ትላለች። ፍልስጤማውያን «ኢየሩሳሌም ውስጥ መረጥን» ይላሉ። ፖስታ ቤቶቹ የሚያስተናግዱት ሰው ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው መራጭ ከከተማው ወሰን ውጭ ወዳሉ ጣቢያዎች ይሄድ ነበር። ዘዴው አስቂኝ ቢመስልም በ1996፣ በ2005 እና በ2006 ሠርቷል።

አራፋት በኅዳር 2004 ሲሞቱ ሕጉ በ60 ቀን ውስጥ ምርጫ ይደረግ ይላል፤ ተደረገም። ጥር 9 ቀን 2005 የፋታሁ ማህሙድ አባስ 62 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው ለአራት ዓመት ተመረጡ። ያን ምርጫ የታዘቡት የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ከጥቂት ወራት በኋላ አዲስ አበባ ብቅ ብለው የእኛኑ የ97 ምርጫ (በእኛ አቆጣጠር) ታዝበዋል። በዓመቱ ለምክር ቤቱ ምርጫ እንደገና ወደ ፍልስጤም ሄዱ።

የጥር 25 ቀን 2006ቱ ውጤት ለብዙዎች ዱብ ዕዳ ነበር። ከምርጫ ጣቢያ የሚወጡ ሰዎችን የጠየቁ ጥናቶች ፋታህ ይቀድማል ብለው ነበር። ሲቆጠር ሐማስ ከ132 መቀመጫ 74 አገኘ፤ ፋታህ 45። በድምፅ ድርሻ ግን ልዩነታቸው ጠባብ ነው፤ 44 ከመቶ በ41 ከመቶ ገደማ። ምስጢሩ የምርጫ ሥርዓቱ ነው። ግማሹ መቀመጫ በፓርቲ ዝርዝር፣ ግማሹ በወረዳ ይሞላ ነበር። በዝርዝሩ ሐማስ 29፣ ፋታህ 28። በወረዳ ግን 45 በ17! የፋታህ ሰዎች ከፓርቲው እያፈነገጡ በግል ስለተወዳደሩ የራሳቸውን ድምፅ ተሻሙ። ሐማስ በዲሲፕሊን ገባ። የዝርዝሩ ስም «ለውጥና ተሃድሶ» ነበር፤ ብዙ መራጭም በፋታህ ሙስና ተማርሮ ነው የመረጠው። ስለዚህ ውጤቱን ሕዝቡ ሰላም አልፈልግም አለ ብሎ መተርጎም ትክክል አይመስለኝም። በሌላ በኩል ሐማስ እስራኤልን እንደማይቀበል መራጩ አያውቅም ነበር ማለትም አይቻልም።

ከዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። አሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ሩሲያና የተባበሩት መንግሥታት አዲሱ መንግሥት ኃይልን እንዲተው፣ እስራኤልን እንዲቀበል፣ የቀድሞ ስምምነቶችን እንዲያከብር ጠየቁ። ሐማስ እምቢ አለ። የምዕራባውያን ቀጥታ እርዳታ ተቋረጠ፣ እስራኤልም የምትሰበስብለትን ቀረጥ ያዘች፣ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ደመወዝ ቀረ። በሰኔ አንድ የእስራኤል ወታደር ወደ ጋዛ ታፍኖ ሲወሰድ እስራኤል የሐማስ ሚኒስትሮችንና የምክር ቤት አባላትን አሰረች። በየካቲት 2007 ሁለቱ ወገኖች መካ ላይ ታርቀው የጋራ መንግሥት ቢመሠርቱም ሰኔ ላይ ተታኮሱ። ጋዛ በሐማስ እጅ፣ ዌስት ባንክ በአባስ እጅ ቀረ። በእኔ ግምት ስህተቱ ምርጫ መደረጉ ላይ አይደለም። ቅድመ ሁኔታዎቹ የመጡት ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ መሆኑ ላይ ነው። የኦስሎን ስምምነት የማይቀበል ፓርቲ በኦስሎ ምርጫ ይወዳደር ወይስ አይወዳደር የሚለው አስቀድሞ አልተቋጨም።

አዲስ ምርጫ በጥር 2021 ታወጀ፤ ምክር ቤቱ ግንቦት 22፣ ፕሬዚዳንቱ ሐምሌ 31። መምረጥ ከሚችለው ሰው ከ90 በመቶ በላይ ተመዘገበ። 36 ዝርዝሮች ቀረቡ። በእስራኤል እስር ቤት ያሉት የፋታህ መሪ ማርዋን ባርጉቲም ከአራፋት የእህት ልጅ ናስር አል ቁድዋ ጋር የራሳቸውን ዝርዝር አቅርበው ፋታህን ከፈሉት። ሚያዝያ 29 ቀን አባስ ምርጫውን ላልተወሰነ ጊዜ አራዘሙ። ምክንያታቸው እስራኤል የኢየሩሳሌሙን ድምፅ አለመፍቀዷ ነው። ተቃዋሚዎቻቸው ግን ሽንፈት ፈርተው ነው አሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

የከተማ ምክር ቤት ምርጫ በዌስት ባንክ አልፎ አልፎ ይካሄዳል። በቢርዜት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫም እንደ ሙቀት መለኪያ ይታያል፤ በ2022 እና በ2023 የሐማስ ደጋፊዎች አሸንፈውበታል። በ2006 18 ዓመት ያልሞላው ትውልድ ግን ለምክር ቤት መርጦ አያውቅም።

ከጥቅምት 7 ቀን 2023 ጥቃትና ከተከተለው የጋዛ ጦርነት በኋላ የምርጫ ነገር እንደገና ተነስቷል። በመስከረም 2025 አባስ ጦርነቱ ካበቃ በአንድ ዓመት ውስጥ ምርጫ ይደረጋል ብለው ለተባበሩት መንግሥታት ቃል ገቡ። ይሁንና ጋዛ ውስጥ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሏል፣ የምርጫ ጣቢያ ይሆኑ የነበሩ ትምህርት ቤቶችም ፈርሰዋል ወይም መጠለያ ሆነዋል። ሐማስ ይወዳደር ወይ የሚለው ክርክርም አልተዘጋም፤ የኢየሩሳሌም ፖስታ ቤቶችም በእስራኤል እጅ ናቸው።