ተች ፕሮብ ምንድን ነው? ለትንሽ ሲኤንሲ በርካሽ የሚሰራውስ?

ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) ኮዱን ከሰጠኸው ይቆርጣል እንጂ እንጨቱ ወይ አልሙኒየሙ የት ጋ እንደታሰረ በራሱ አያውቅም፣ ዜሮው እዚህ ነው ብለህ የምትነግረው አንተ ነህ፣ ብዙው ሰው ደግሞ ከቢቱ (ከሚቆርጠው ስለት) ስር ወረቀት እያንቀሳቀሰ ነው የሚያገኘው። ተች ፕሮብ ይሄን ስራ ለማሽኑ ይሰጠዋል። በቢቱ ቦታ ይታሰራል፣ ጫፏ ላይ ትንሽ ኳስ ያላት ቀጭን ዘንግ አለችው፣ ዕቃውን ነክታ ዘንበል ስትል ምልክት ይሄድና ማሽኑ ያለበትን ቦታ ይመዘግባል (ስፒንድሉ፣ ማለት ቢቱን የሚያዞረው ሞተር፣ ጠፍቶ ነው ታዲያ አቦ፣ አለዚያ ሽቦው ይጠመጠማል)።

ዘዴው ዴቪድ ማክመርትሪ የሚባል እንግሊዝ አገር ይሰራ የነበረ መሐንዲስ በ1972 በፈረንጆቹ ለኮንኮርድ አውሮፕላን ሞተር ቱቦዎች መለኪያ ብሎ የሰራው ነው፣ ዛሬም ብዙው ፕሮብ ውስጡ እሱ ነው። ዘንጓ ከላይ ሶስት እግር አላት፣ እያንዳንዱ እግር ሁለት ኳሶች መሃል ያርፋል፣ ሞላ ወደታች ይጫናታል። እንደ ባለ ሶስት እግር በርጩማ ነው፣ አይወላገድም፣ ስትለቃት እዛው ቦታዋ ትመለሳለች። ኤሌክትሪኩ ሶስቱንም እግር በየተራ አልፎ ስለሚዞር ከየትም በኩል ብትነካ አንዱ ሲነሳ መስመሩ ይቆረጣል።

ድሬ ላይ ለመስራት የሚከብድ ነገር የለውም፣ ኳሱ ከተጣለ ኩሽኔታ ይወጣል፣ ቀፎው ኤሌክትሪክ ከማያሳልፍ ፕላስቲክ ቶርኖ ላይ ይዞራል፣ ሽቦና ሞላ ታይዋን ገበያ አይጠፋም። ሰው የሚሳሳተው የሩቢ ጫፍ ፍለጋ ብሩን መጨረሱ ላይ ነው። ኳሷ ከመሃል ብትወጣ ለክተህ ታስተካክላለህ፣ ውፍረቷም በስሌት ይቀነሳል፣ መስመሩን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ የምትቆርጥ ከሆነ ግን ምንም አያድናትም። ስለዚህ ብርህንም ጊዜህንም እግሮቹና ኳሶቹ የሚነካኩበት ላይ አውለው፣ ንጹህ፣ ጠንካራና ለስላሳ ይሁን። ዘንጓም አጭር ትሁን፣ ሶስት እግር ስለሆነ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ጉልበት አትፈልግም፣ ረጅምና ቀጭን ስትሆን እየጎበጠች ልዩነቱን ታበዛዋለች።

ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) አሳድዳለሁ የሚል ደግሞ የድሬን ሙቀት ይቁጠር፣ ግማሽ ሜትር አልሙኒየም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.115 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ ጠዋት የያዝከውን ዜሮ ቀትር ላይ ድገመው።

ጂአርቢኤል (ትንንሽ ሲኤንሲዎችን የሚመራው ሶፍትዌር) ላይ ፕሮብ የማስነካት ትዕዛዙ ጂ38.2 ነው፣ ይሄ ፕሮብ ሲነካ መስመሩን የሚቆርጥ ስለሆነ $6 የሚባለው ሴቲንግ ወደ 1 ይቀየራል። ጥቅሙም እዚህ ነው፣ ሽቦው ተነቅሎ ከሆነ ማሽኑ ገና ሳይወርድ አላርም ሰጥቶ ይቆማል፣ ሲነካ በሚያገናኘው ዓይነት ቢሆን ግን ዝም ብሎ ወርዶ ዕቃው ውስጥ ይሰካልሃል።